ልጃችን ወደ ሌላ ቤት ስትሄድ፦ ካቶሊኮች ወደ ሙሉ ኅብረት የሚመጡትን ለምን ይቀበላሉ?



ሰንጋ ተራ ስሙን ያገኘው ከከብት ገበያ ነው። ዛሬ ግን በዚያ ሰንጋ የሚያስር የለም። የምናየው የባንክና የኢንሹራንስ ፎቅ ነው፤ የ40/60 ኮንዶሚኒየምም አለ። በምሳ ሰዓት ባጅ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ወጣቶች ከየሕንፃው ይወጣሉ። ከእነርሱ ጥቂቶቹ በሳምንት አንድ ቀን የምሳ ሰዓታቸውን ለጸሎት ይሰጣሉ። እኛም ከእነርሱ ጋር ቃሉን ስንካፈል ዓመታት አልፈዋል።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ፣ ጸሎቱ አልቆ ሁሉም ወደ ሥራው ሲጣደፍ፣ አንዲት እህት ወደ ኋላ ቀረች። በሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማርናት፣ በውኃ ያጠመቅናት፣ በመዘምራን መካከል ያገለገለች ልጃችን ናት።

“ፓስተር፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙ እኔው ልንገርዎ ብዬ ነው” አለች። “ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስከታተል ቆይቻለሁ። ለትንሣኤ ይቀበሉኛል።”

ከአፋችን የወጣው የመጀመሪያ ቃል ጥሩ አልነበረም። “ማን ነው የወሰደሽ?” አልናት።

“ማንም አልወሰደኝም” አለች። “እንዲያውም ልግባ ካልኩ አሥር ወር ሆኖኛል። አባ ‘አትቸኩዪ፣ ተማሪ፣ ጸልዪ’ እያሉ ነው ያቆዩኝ።”

በዚያው ሳምንት ጉዳዩ በሽማግሌዎች ፊት ቀረበ። አንዱ ወንድም ስሟ ከምዕመናን መዝገብ ዛሬውኑ ይሰረዝ አለ። ሌላው ካቶሊኮቹ ልጆቻችንን ለምን ይነካሉ ብሎ ተቆጣ። ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት አባት ግን ዝም ብለው ቆይተው፣ “ለምን እንደተቀበሏት ከመቆጣታችን በፊት ለምን እንደሚቀበሉ እናውቃለን? ለምን እንደሄደችስ ጠይቀናል?” አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሁለቱንም አናውቅም ነበር። ይህን የምንጽፈው ከዚያ ጸጥታ የተነሣ ነው።

እነርሱ የሚሰጡት ምክንያት

የሌላውን እምነት ስንመረምር ባለቤቱ ራሱ በሚናገርበት ቃል መጀመር ጽድቅ ነው። ሰው ስለ እኛ “ፈረንጅ በዱቄትና በዘይት የገዛቸው ናቸው” ሲል እንዴት እንደሚቆጨን እናውቃለን። ስለዚህ እኛም “ካቶሊኮች ቁጥር ፈልገው ነው” ብለን አንዝጋው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ በአገራችን የካቶሊኮች ቁጥር ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም፤ የፕሮቴስታንቶች ግን ከመቶ 18 በላይ ነበር። ቁጥር የራበው ሰው ልግባ ያለውን አሥር ወር በር ላይ አያቆምም። ከእኛ መካከል በካቶሊክ ትምህርት ቤት የተማሩ ብዙዎች ናቸው፤ ወንጌላውያን ሆነው ገብተው ወንጌላውያን ሆነው ወጥተዋል።

ታዲያ ለምን ይቀበላሉ? ሦስት ምክንያት እናያለን።

አንደኛው ስለ ቤተ ክርስቲያን ያላቸው ትምህርት ነው። ካቶሊኮች ክርስቶስ የመሠረታት አንዲት ቤተ ክርስቲያን አለች፣ እርስዋም በዓይን የምትታይ፣ ከሐዋርያት በተያያዘ የጳጳሳት ቅብብሎሽ የቆመች፣ የጴጥሮስን መንበር የአንድነትዋ ምልክት ያደረገች ናት ብለው ያምናሉ። በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1964 በወጡት ሰነዶች፣ ከእነርሱ ውጭ ያሉ የተጠመቁ ክርስቲያኖችን “መናፍቅ” ብለው ከመግፋት ይልቅ ወንድሞች ብለው ጠሩ። በጥምቀት ከእኛ ጋር እውነተኛ ኅብረት አላችሁ፣ ነገር ግን ያ ኅብረት ገና ሙሉ አይደለም አሉ። “ሙሉ ኅብረት” የሚለው ቃል የሚመጣው ከዚህ ነው። በእነርሱ አሳብ እህታችን ከጨለማ ወደ ብርሃን እየተሻገረች አይደለችም። በጥምቀትዋ የተጀመረው እየተፈጸመ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጥምቀትን የሚያዩበት መንገድ ነው። በ3ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የካርታጎው ቆጵርያኖስና የሮሙ እስጢፋኖስ በዚህ ነገር ብርቱ ክርክር ነበራቸው። ቆጵርያኖስ ከቤተ ክርስቲያን በተለዩ ሰዎች እጅ የተጠመቀ እንደገና ይጠመቅ አለ። እስጢፋኖስ ጥምቀቱ አይደገምም፣ እጅ ተጭኖበት ይግባ አለ። በኋላ አውግስጢኖስ ከዶናቲስቶች ጋር በተከራከረ ጊዜ ጥምቀት የአጥማቂው ሳይሆን የክርስቶስ ነው ብሎ ይህን አጸና። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ የምትሄደው በዚህ ነው። በውኃ፣ በአብ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም የተጠመቀውን ፕሮቴስታንት ዳግመኛ አታጠምቀውም። በኢየሱስ ስም ብቻ የተጠመቀውን ግን ጥምቀቱን አትቆጥርለትም። እህታችንን እኛ በሥላሴ ስም አጥምቀናታል፤ ጥምቀትዋን ተቀብለውላታል። ይህን ስትነግረን ትንሽ ዝም አልን። የሠራነውን ሥራ እንደ ከንቱ አልቆጠሩትም።

ሦስተኛው ምክንያት የጌታ ማዕድ ነው። በእነርሱ ትምህርት በቅዱስ ቁርባን እንጀራውና ወይኑ በእውነት የክርስቶስ ሥጋና ደም ይሆናል። ከአንድ ማዕድ መብላትም በአንድ እምነት መቆምን ያሳያል። ስለዚህ በመደበኛው ጊዜ ማዕዳቸው ለእኛ ክፍት አይደለም። እኛ ብዙ ጊዜ “ጌታን ያመነ ሁሉ ይቅረብ” እንላለን፤ እነርሱ “መጀመሪያ አንድ እንሁን፣ ከዚያ አብረን እንብላ” ይላሉ። በዚህ ምክንያት የመቀበሉ ሥርዓት ትልቅ ቦታ አለው። ሰውየው ቤተ ክርስቲያኒቱ ከእግዚአብሔር ተገለጠ ብላ የምታስተምረውን ሁሉ እንደሚያምን በጉባኤ ፊት ይመሰክራል፤ በሜሮን ይቀባል፤ ወደ ማዕዱም ይቀርባል።

ከኦርቶዶክስ የሚመጣው ደግሞ በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕጋቸው ከእርሱ የእምነት ምስክርነት ብቻ ይበቃል ይላል። ጥምቀቱም ሜሮኑም አይደገምም፤ ሥርዓቱንም እንደያዘ ይኖራል። የግእዝ ቅዳሴ የሚቀድሱ ካቶሊኮችን በከተማችን የምናየው ለዚህ ነው። ጉባኤያቸው የሐዋርያት ሥራ 15፥28ን አስታውሶ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ሸክም በማንም ላይ አይጫን ብሏል። ወደዚህ አሳብ የደረሱት ግን በቀላሉ አይደለም። ከደረሱበት መንገድ አንዱ በእኛው አገር ያለፈ ነው።

አገራችን ያየቻቸው ሁለት መንገዶች

ጴጥሮስ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ካህን ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1603 ነው። ግእዝና አማርኛ ተማረ፣ በትዕግሥት አስተማረ፣ በቤተ መንግሥት ተወዳጅ ሆነ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጡ፤ ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ። በእርሱ ቦታ ፓትርያርክ ሆኖ የመጣው አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሌላ መንፈስ ነበረው። በ1626 በደንቀዝ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮም ታዛዥነታቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ዳግመኛ ይጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግመኛ ይሾሙ፣ የቅዳሜ ሰንበት ይቅር፣ ግዝረት ይቅር፣ የጾሙ ሥርዓት ይለወጥ የሚል ትእዛዝ ወጣ።

ሕዝቡ ተነሣ። ገበሬው፣ መነኩሴው፣ የንጉሡ ዘመድ ሳይቀር ሸፈተ። በ1632 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ንጉሡ ድል አደረጉ፤ ነገር ግን የወደቁት የራሳቸው ወገኖች ነበሩ። በዚያው ዓመት ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ ቀደመ እምነቱ እንዲመለስ ፈቅደው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ኢየሱሳውያኑም ብዙ ሳይቆዩ ከአገር ተባረሩ። የዚያ ነገር ጥላ በአገራችን ላይ ለረጅም ዘመን ቆየ። ከውጭ የሚመጣ ሰባኪ ሁሉ በጥርጣሬ የታየበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የመጡት የእኛ ወንጌላውያን መልእክተኞችም ዕዳውን ከፍለዋል።

ሁለተኛው መንገድ የአባ ገብረ ሚካኤል ነው። በጎጃም በመርጡለ ማርያም አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1791 የተወለዱ መነኩሴና ሊቅ ነበሩ። በዘመናቸው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የነበረው ክርክር ቤተ ክርስቲያንን ከፋፍሎ ነበርና እውነቱን ከመጻሕፍት ሲፈልጉ ኖሩ። በ1841 ከግብፅ ጳጳስ ሊያመጣ ከተላከው የመልእክተኞች ቡድን ጋር ወጡ። ቡድኑን ያጀበው በ1839 ወደ አገራችን የመጣው ካቶሊካዊ ሚሲዮናዊ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ የሚላቸው ሰው ናቸው። ሮምንም ኢየሩሳሌምንም አዩ። ከዚያ በኋላ እንኳ አልቸኮሉም። ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የገቡት በ1844 ነው፤ ከተገናኙ ሦስት ዓመት ማለት ነው። አቡነ ያዕቆብ እንደ ሜንዴዝ ሕዝቡን ከግእዙ ሥርዓት ሊነቅሉ አልሞከሩም። እንደ አገሩ መነኩሴ ለብሰው፣ የአገሩን ቋንቋ ተናግረው፣ ከአገሩ ሰዎች ካህናትን ሾሙ። ገብረ ሚካኤልም በ1851 ቅስና ተቀበሉ። ስለ እምነታቸው ታሰሩ፤ በ1855 ሰንሰለት እንደተሸከሙ ሞቱ። ካቶሊኮች በ1926 ብፁዕ ብለዋቸዋል።

እኛ በሁሉ ነገር ከአባ ገብረ ሚካኤል ጋር አንስማማም። ነገር ግን ሰው በሕሊናው ስላመነበት ነገር ሰንሰለት ሲሸከም የእኛ ሕዝብ ያን ሰንሰለት ያውቀዋል። በደርግ ዘመን አጥቢያዎቻችን ታሽገዋል፣ አባቶቻችን ታስረዋል። በአንዳንድ ቦታ ለሬሳችን የቀብር ስፍራ ተከልክለናል። ልጅ “ጴንጤ ሆንክ” ተብሎ ከቤት የተባረረበት ታሪክ በእያንዳንዱ አጥቢያ አለ። እንግዲህ እህታችንን የሕሊናዋን ነጻነት የምንነፍጋት እኛ ብንሆን ምን ፊት ይኖረናል?

ከእነዚህ ሁለት መንገዶች አንድ ነገር እንማራለን። ሱስንዮስ አገሩን እንደ ከብት መንጋ ወደ አንድ በረት ሊነዱ ሞከሩ፤ በረቱ ፈረሰ። ገብረ ሚካኤልን ማንም አልነዳቸውም፤ ራሳቸው ፈልገው ሄዱ፤ የጸናውም ያ ነው። ካቶሊኮች ራሳቸው ይህን የተማሩ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1993 ከኦርቶዶክሶች ጋር በጋራ ባወጡት የባላማንድ ሰነድ የአንዱን ቤተ ክርስቲያን ምዕመናን ወደ ሌላው ጎትቶ አንድነት ማምጣት የአንድነት መንገድ እንዳይደለ ተናግረዋል። በሕሊናው ተገድዶ በራሱ እግር የመጣውን ግን አይመልሱም።

የማንስማማበት ቦታ

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ዝም ብለን ብንለያይ እረኝነታችን ጎደሎ ይሆናል። ከልጃችን ጋር ባደረግነው ንግግር የማንስማማበትን በግልጽ ነግረናታል፤ ለእናንተም እንነግራችኋለን።

ነገሩ ያለው “ሙሉ” በሚለው ቃል ላይ ነው። ሐዋርያው በቆላስይስ 2፥9-10 የመለኮት ሙላት በክርስቶስ እንደሚኖር፣ እኛም በእርሱ ሆነን ሙሉ እንደሆንን ያስተምራል። ቆላስይስ ላይ ችግሩ ይኸው ነበር። በክርስቶስ ያመኑትን ሰዎች “ገና ይቀራችኋል፣ ይህንም ጨምሩ” የሚሉ አስተማሪዎች መጥተው ነበር። ከክርስቶስ ጋር በእምነት የተባበረ ሰው ኅብረቱ የሚሞላው በጳጳስ መንበር ነው የሚለውን ትምህርት በቅዱሳት መጻሕፍት አናገኘውም።

ከዚያም የእምነት ምስክርነቱ አለ። ቤተ ክርስቲያኒቱ የተገለጠ ነው ብላ የምታስተምረውን ሁሉ ማመን ማለት እ.ኤ.አ. በ1854 የታወጀውን የማርያም ያለ አዳም ኃጢአት መፀነስ፣ በ1870 የታወጀውን የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት አለመሳሳት፣ በ1950 የታወጀውን የማርያም ዕርገት ማመን ማለት ነው። የጌታን እናት እናከብራታለን፣ ብፅዕት ናት እንላለን። ነገር ግን መጽሐፍ ያላሰረውን ሕሊና ቤተ ክርስቲያን ልታስረው አትችልም። ልጃችንን የጠየቅናት ይህን ነው፦ “ልጄ፣ ያን ቀን በጉባኤ ፊት ስትቆሚ ‘ሁሉን አምናለሁ’ ትያለሽ። ሁሉን ታምኛለሽ?” ጥያቄው እንዲያስፈራት ሳይሆን በእውነት እንድትቆም ነው። እርስዋም አላቃለለችውም።

ስለ ጽድቅ ያለው ልዩነት ከቀድሞው ጠብቧል የሚሉ አሉ፤ እውነትነት አለው። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1999 በአውግስበርግ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። ሰው የሚድነው በራሱ ሥራ ሳይሆን በጸጋ፣ በክርስቶስ በማመን እንደሆነ አብረው ተናግረዋል። የመካነ ኢየሱስ ወንድሞቻችን የፌዴሬሽኑ አባል ናቸውና ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ደስ ይለናል። ነገር ግን ስለ መንጽሔና ስለ ቅዱሳን ምልጃ ስንነጋገር፣ የክርስቶስ አንድ ጊዜ የተፈጸመ ሥራ ይበቃል የሚለውን ያው ጥያቄ እንደገና እናገኘዋለን። ለዚህ ጥያቄ ያለን መልስ የእኛ የወንጌል ልብ ነው፤ ለሰላም ብለን አንሸጠውም።

መስታወቱ ወደ እኛ ሲዞር

የሽማግሌው አባት ሁለተኛ ጥያቄ ግን ቀረ፦ ለምን ሄደች?

ጠየቅናት። እንደምንፈራው ስለ ጳጳሱ ወይም ስለ ማርያም አልጀመረችም። “ፓስተር፣ ደክሞኝ ነበር” አለች። እርስዋ የምታውቃቸው አጥቢያዎች በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተከፍለዋል። በእያንዳንዱ ክፍፍል ከጓደኞችዋ ግማሹን አጥታለች። በአንድ ጉባኤ ውስጥ “ነቢይ” የተባለ ሰው ስሟን ጠርቶ ስለ ደመወዝዋ ትንቢት ነግሯታል፤ ቀጥሎ የስጦታ ፖስታ ቀርቦላታል። የጌታ እራት መቼ እንደሚሆን አይታወቅም፤ ሲሆንም በማስታወቂያና በመዝሙር መካከል በአምስት ደቂቃ ያልፋል። “ዝም ብዬ እግዚአብሔር ፊት የምቀመጥበት ቦታ ፈለግሁ” አለች። “ከእኔ በፊት ሁለት ሺህ ዓመት የጸለዩ ሰዎች እንዳሉ ማወቅ ፈለግሁ።”

ወገኖች፣ ይህ ቃል ከክርክር ይልቅ ወጋን። የሁለት ሺህ ዓመቱ ቤተሰብ የእኛም ነው። አትናቴዎስና አውግስጢኖስ የካቶሊክ ብቻ አይደሉም። የኒቅያ የእምነት መግለጫ የእኛም መግለጫ ነው። ግን ከመድረካችን መቼ አስተማርነው? ልጆቻችን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ በእነርሱ አጥቢያ መከፈት የተጀመረ ይመስላቸዋል። ቆላስይስ 2 ስለ ሙላት ካስተማረ በኋላ፣ በቁጥር 19 ላይ አካሉ ሁሉ ከራሱ ጋር ተያይዞ በጅማትና በማሰሪያ እንደሚያድግ ይናገራል። እኛ ራሱን እንሰብካለን፤ ጅማቱን ግን በየዓመቱ እንበጥሳለን። ጌታ በዮሐንስ 17፥21 ዓለም ያምን ዘንድ ስለ እኛ አንድነት ጸለየ። ያን ጸሎት በየአዳራሹ በር ላይ በሰቀልነው አዲስ ታርጋ ስንመልስለት፣ ልጃችን አንድነት ፍለጋ ብትሄድ ልንደነቅ አይገባም።

እኛ ስንቀበልስ? በጉባኤ መጨረሻ እጁን ያነሣውን ሰው ቆጥረን፣ ስሙን ጽፈን፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ውኃ ውስጥ የከተትንበት ጊዜ አለ። ከኦርቶዶክስ ወይም ከካቶሊክ የመጣ ከሆነ ደግሞ ምስክርነቱን በመድረክ ላይ እናስነግረዋለን፤ የእናቱን ቤተ ክርስቲያን ሲያዋርድ እናጨበጭባለን። እናቱ ግን ያን ቪዲዮ በስልክ ታየዋለች። ጌታ በማቴዎስ 23፥15 አንድ ሰው ለማሳመን ባሕርና የብስ ዞረው ከዚያ የባሰ ያደረጉትን ነቅፏል። ያ ነቀፋ ለፈሪሳውያን ብቻ አልተጻፈም።

ጥምቀትን በተመለከተ የእኛ አጥቢያ በሕፃንነት የተጠመቀውን በእምነቱ ምስክርነት እንደገና ታጠምቃለች፤ ምክንያታችን ጥምቀት የሚያምን ሰው ምስክርነት ነው ብለን ስለምናምን ነው። የመካነ ኢየሱስ ወንድሞቻችን በዚህ ከእኛ ጋር አይስማሙም። አሳባችንን አንለውጥም። ነገር ግን ይህን የምናደርገው የሰውየውን እናት ጸሎት እንደ ከንቱ ሳንቆጥር መሆን አለበት። ካቶሊኮቹ የእኛን ጥምቀት እንዲያከብሩልን ደስ ካለን፣ ቢያንስ በአክብሮት ልንናገር እንችላለን።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በሽማግሌዎች ጉባኤ የተስማማንባቸውን እንነግራችኋለን፤ ለሌሎች አጥቢያዎችም ይጠቅሙ ይሆናል።

መጀመሪያ፣ የሚሄደውን ሰው ስም አናጠፋም። በሮሜ 15፥7 ክርስቶስ እንደተቀበለን እርስ በርሳችን እንድንቀባበል ታዘናል። ሲመጣ “ወንድም”፣ ሲሄድ “ከዳተኛ” የምንለው ሰው ቀድሞም ለእኛ ቁጥር ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ከመሄዱ በፊት እንነጋገራለን፤ ከሄደም በኋላ እንነጋገራለን። ጵርስቅላና አቂላ አጵሎስን በሐዋርያት ሥራ 18፥26 በጉባኤ ፊት አላሳፈሩትም፤ ወደ ቤታቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አጥርተው ገለጡለት። ቤት፣ ቡና፣ የተከፈተ መጽሐፍ ቅዱስ፤ የእረኛ መሣሪያ ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ወደ እኛ የሚመጣውንም እንድናስተምር ነው። ከዚህ በኋላ ለጥምቀት የሚዘጋጅ ሰው ስድስት ወር ይማራል። ከሌላ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ከሆነ የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ “ከምን ሸሽተህ ነው?” ሳይሆን “ወደ ማን መጣህ?” የሚል ይሆናል። መልሱ ዘማሪው ወይም ሰባኪው ከሆነ ገና አልደረሰም።

አራተኛ፣ የጌታን እራት በወር አንድ ጊዜ፣ በተወሰነ ቀን፣ ራስን ለመመርመር ጊዜ ተሰጥቶት እንወስዳለን። ይህን ማድረግ ካቶሊክ መሆን አይደለም። ጌታ አድርጉት ያለውን በክብር ማድረግ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶናል፤ በእርሱ ላይ ሁላችንም አልተስማማንም። ልጃችን ከመለያየታችን በፊት፣ “ፓስተር፣ ያን ቀን ቢመጡልኝ ደስ ይለኛል። ያሳደጉኝ እናንተ ናችሁ” ብላናለች። አንዳንድ ወንድሞች መሄዳችን ማጽደቅ ይመስላል፣ ደካሞችን ያሰናክላል አሉ። ፍርሃታቸው ተራ ፍርሃት አይደለም፤ የመንጋው ጉዳይ ነው። ብዙ ጸልየንበታል።

እንሄዳለን። ከኋላ እንቀመጣለን። ወደ ማዕዱ አንቀርብም፤ እነርሱም አይጠብቁንም። የእምነት ምስክርነቱ ሲነበብ አሜን የማንልበት ቦታ ይኖራል፤ አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን በሚመሰክርበት ቦታ ግን ከልባችን አሜን እንላለን። ሲያልቅ አቅፈናት፣ “በራችን እንደተከፈተ ነው” እንላታለን። ሰንጋ ተራ ላይ ድሮ ከብቱ ገዥው ወደ ወሰደው ይሄድ ነበር። ሰው ግን ክርስቶስ በደሙ የገዛው ነው፤ የእነርሱም የእኛም ንብረት አይደለም።

ጌታ ሆይ፣ ልጃችንን በእጅህ አኑራት። ከአንተ የሚለያትን ሁሉ ከእርስዋ አርቅ። በእኛ ቤት የተራበችውን ሌሎች ልጆቻችን እንዳይራቡ እኛን መልሰን። በአንድነት የሚያቆመንን ቀን አቅርብልን። አሜን።